ጎማ ለበስ ዎፈር

ከአዋሽ እስከ ሰመራ፣ በጅቡቲ መንገድ፣ ቆላው ስፒከርን ይፈትናል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቤዝ በሚያወጣው ስፒከር፣ በዎፈሩ፣ ዙሪያ ያለው የስፖንጅ ጠርዝ ቶሎ ይፈረፈራል፤ ቤዙም ይሻክራል። ጠርዙን በጎማ ማስቀየርን እጅግ እወደዋለሁ። ጎማ ከስፖንጅ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ጥበቡ ማጣበቁ ላይ ነው። የዎፈሩ ኮይል በማግኔቱ ጠባብ ክፍተት መሐል ካልቆመ ይፋቃል። ስለዚህ ጠጋኙ ዙሪያውን ስስ የፕላስቲክ ቁራጮች ሰክቶ ሙጫው እስኪደርቅ ይታገሣል። ያ ትዕግሥት ክብር ይገባዋል! የስፒከሩ ሣጥንም መታየት አለበት፤ አየር የሚያስወጣ ስንጥቅ ካለው አዲሱ ጠርዝ ብቻውን አያድነውም።

ከዚያ የሮሃ ባንድን ካሴት ይክፈቱ። ቀድሞ አንድ ጉርምርምታ የነበረው የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር ከከበሮው ተላቆ፣ እያንዳንዱ ኖታ መነሻውና ማረፊያው ለየብቻ ይሰማል።