አንድም

በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የተጻፈ አራቱ ወንጌል አለ። ዘመኑ 1273 ዓ.ም. ነው፤ ሥዕል ካላቸውና ዘመናቸው ከታወቀ የአገራችን ወንጌሎች ከቀደምቶቹ አንዱ። ስለ ብራናውና ስለ ቀለሙ ብዙ ተብሏል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ወንጌል ባየሁ ቁጥር ልቤ የሚሄደው በጎንደር ዘመን መልክ ወደ ያዘው፣ ግእዙን በአማርኛ ወደሚፈታው የአንድምታ ሙያ ነው።

የአንድምታው ጉባኤ ሲዘረጋ አንዱ ደቀ መዝሙር ንባቡን ያሰማል። መምህሩ በመጀመሪያ ነጠላውን ትርጉም ይሰጣሉ፤ ቀጥሎ ምሥጢሩን፣ ታሪኩን፣ ሐተታውን ያመጣሉ። አንድ ፍቺ ጨርሰው «አንድም» ሲሉ የቀደመውን አላፈረሱትም፤ በጎኑ ሌላ አቆሙለት እንጂ። የሙያው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በሉቃስ ምዕራፍ 10 ወንበዴ ያገኘውን መንገደኛ እንውሰድ። ሰውየው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ይወርዳል። ኢየሩሳሌም ከፍታ ላይ ናት፣ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች፤ ከአምባሰል ተራራ ወደ ሐይቅ ዳር የተጓዘ ሰው ቁልቁለት ምን እንደሆነ ጉልበቱ ይነግረዋል። እንግዲህ ነጠላው ንባብ መልክዓ ምድሩን በትክክል ተናገረ። አንድም፣ መንገደኛው አዳም ነው፤ ኢየሩሳሌም ገነት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፣ ወንበዴዎቹ አጋንንት። ያቺው «መውረድ» የምትለው ግሥ ምንም ሳይጨመርባት፣ ምንም ሳይቆነጠርባት፣ የመንገዱንም ቁልቁለት የአዳምንም ውድቀት ተሸከመች። ጥሩ ተርጓሚ እንዲህ ያለችውን ቃል አይቶ አያልፋትም።

ወደ ታች ስንቀጥል ደጉ ሳምራዊ ክርስቶስ፣ የእንግዳ ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ይሆናሉ። ይህ አፈታት ከጥንት አባቶች ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የእኛን ሊቃውንት ልዩ የሚያደርጋቸው በቃል አጥንተው፣ ከቃል ቃል ሳያናውጡ ለትውልድ ማቀበላቸው ነው። ሳምራዊው ለቤቱ ጠባቂ «ከዚህ በላይ ብታወጣ ስመለስ እከፍልሃለሁ» ያለውንም እኔ ሳነበው የሊቃውንቱ የዘመናት ድካም ይታየኛል፤ ከሁለቱ ዲናር በላይ የወጣው ወጪ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ምሥጢር በጽሑፉ ላይ መጫን አድርጎ ያየዋል። አልስማማም። ክርስቶስ ምሳሌውን የተናገረው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ለሚል ጥያቄ ነው፤ የአዳም ፍቺ ከመጣ በኋላም ያ ጥያቄ በቦታው አለ፣ መንገደኛውም አሁንም ቁስሉ መታሰር ያለበት ሰው ነው። ምሥጢሩ ምጽዋቱን ቢሰርዝ ኖሮ ተቃውሞው በገባኝ ነበር።

ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች በየፍቺው ሲለያዩም ያው ሥርዓት አለ። የታች ቤቱን መንገድ የጎንደሩ መምህር ኤስድሮስ አቀኑት፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ንባቡን እንዳለ ጠብቀው ነው የሚከራከሩት። ዛሬ አንድምታው ታትሞ በእጃችን ይገኛል። በኅትመቱ ውስጥ እንኳ «ሲል ነው»፣ «ለማለት ነው» እያለ የመምህሩ አፍ አልተለየውም፤ አንባቢ ከፈለገ ጮክ ብሎ ያንብበው፣ አረፍተ ነገሩ የተሠራው ለጆሮ ነውና የሚያርፍበትን ቦታ ያኔ ያገኘዋል።