የላቦራቶሪ ነጥብ በኔክሮታይዚንግ ፋሺአይተስ ምርመራ፦ ሒሳዊ ዳሰሳ

ኔክሮታይዚንግ ፋሺአይተስ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብና ጡንቻን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን፣ ማለትም ፋሺያን፣ በፍጥነት የሚያበሰብስ ኢንፌክሽን ነው። በጅምሩ ከሴሉላይተስ ጋር ይመሳሰላል። ይሁንና ሴሉላይተስ በአብዛኛው በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲድን፣ ይህኛው ያለ ቀዶ ሕክምና አይድንም። ዎንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሲንጋፖር ያሳተሙት ጥናት ሁለቱን በስድስት የደም ምርመራዎች ለመለየት ሞክሯል። መለኪያው ልሪኔክ በሚል ምሕፃር ይታወቃል።

በዚህ መለኪያ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በሊትር 150 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን 4 ነጥብ ያሰጣል። ነጭ የደም ሴል፣ ሄሞግሎቢን፣ ሶዲየምና ክሬያቲኒን እያንዳንዳቸው እስከ 2 ነጥብ፣ ግሉኮስ ደግሞ 1 ነጥብ ይይዛሉ። ከ13 ነጥብ 6ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሕመምተኛ በብርቱ ሊጠረጠር ይገባል። አጥኚዎቹ መለኪያው በጅምር ላይ ያለውን ሕመም እንኳ ለመለየት እንደሚያስችል ደምድመዋል።

ጥናቱ ሐኪሞች በሽታውን ቀድመው እንዲያስቡ በማድረጉ ሊመሰገን ይገባዋል። ድምዳሜው ግን ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። ስድስቱ ምርመራዎች የሚለኩት የሰውነትን አጠቃላይ ምላሽ እንጂ የፋሺያውን ሁኔታ አይደለም።

ለምሳሌ እግሩን እሾህ የወጋው፣ ቀድሞ ጤነኛ የነበረ ወጣት በማግሥቱ ከቁስሉ ጋር በማይመጣጠን ሥቃይ ቢመጣ፣ ነጭ የደም ሴሉ 16 ሺህ፣ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲኑ 180፣ ሌላው ሁሉ መደበኛ ቢሆን ድምሩ 5 ብቻ ነው። በአንጻሩ የስኳር፣ የኩላሊትና የደም ማነስ ሕመም ያለባት አሮጊት በተራ ሴሉላይተስ ስትታመም ሄሞግሎቢኗ 10፣ ክሬያቲኒኗ 2፣ ግሉኮሷ 250፣ ነጭ የደም ሴሏም 16 ሺህ ቢሆን 6 ነጥብ ታገኛለች። ወጣቱ ይታለፋል፤ አሮጊቷ ትጠረጠራለች። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በማይመረመርበት ጤና ተቋም ደግሞ የመለኪያው ጣሪያ ከ13 ወደ 9 ስለሚወርድ 6ን እንደ ወሰን መያዝ ትርጉሙን ያጣል።

ይህ ሥጋት በኋለኞቹ ጥናቶች ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የብዙ ጥናቶች ጥምር ትንተና፣ 6 ነጥብ ወሰን ሲሆን መለኪያው የሚያገኘው ከሕሙማኑ 68 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ከሦስቱ አንዱ ገደማ ይታለፋል ማለት ነው። ትኩሳትም ከግማሽ በታች በሆኑት ላይ ብቻ ታይቷል። ስለዚህ ዝቅተኛ ነጥብም ሆነ የትኩሳት አለመኖር በሽታውን ውድቅ ለማድረግ አያስችልም።

ውሳኔው የሚመሠረተው በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ በሚደረግ ምርመራ ነው። ከሚታየው ምልክት ጋር የማይመጣጠን ሥቃይ፣ ከቅላቱ ወሰን ያለፈ እብጠት፣ የቆዳ መደንዘዝ፣ ውኃ መቋጠርና በሰዓታት ውስጥ መስፋፋት ከየትኛውም ነጥብ በላይ ሊከበሩ ይገባል። ጥርጣሬው ካልተወገደ ቆዳው በትንሹ ተከፍቶ ፋሺያው ይታይ። ሲከፈት ደም አለመድማቱ፣ የእጣቢ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ መውጣቱና ሕብረ ሕዋሱ በጣት ያለ ችግር መለያየቱ ምርመራውን ያጸናዋል። ያን ጊዜ የሞተው ሁሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ቁስሉም በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና በቀዶ ሕክምና ይፈተሻል። ፈሳሽና ሰፊ ሽፋን ያላቸው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ሳይዘገዩ ይሰጣሉ፤ የባክቴሪያውን መርዝ ለመግታትም ክሊንዳማይሲን ይታከላል።

ልሪኔክ ጥርጣሬን ለማጠናከር ሊያገለግል ይችላል። ቀዶ ሐኪም ከመጥራት ለመቆጠብ ምክንያት ሲሆን ግን ለሕመምተኛው አደጋ ነው።