ድብድቡ ካለቀ በኋላ

የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት አንድ መጥፎ ልማድ ነበረው። የካራቴ ፊልም ላይ ቀንደኛው ጠላት ከሞተ ካሴቱን ያወጣዋል፤ ተረኞቹ ተመልካቾች በር ላይ ቆመዋላ! እኛም ቅር አይለንም። አክተሩ አሸንፏል፣ ከዚህ በላይ ምን ቀረ? ጄት ሊን ከዓለም ያስተዋወቀውን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን «የሻኦሊን ቤተ መቅደስ» አምስት ስድስት ጊዜ ያየሁት እንደዚህ ነው። አንድም ጊዜ ሳልጨርሰው።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ቻይና ሄጄ የሁለት ቀን እረፍት ሳገኝ ወዴት እንደምሄድ ብዙ አላሰብኩም። ሻኦሊን ሄናን ግዛት ውስጥ፣ ዴንግፌንግ አካባቢ፣ ሶንግ ተራራ ሥር ነው። በ495 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከህንድ ለመጣ መነኩሴ የተሠራ ገዳም ነው። እኔ ግን የሄድኩት መነኩሴውን ብዬ አይደለም፤ ጄት ሊን ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ገበያ ነው። የእንጨት ጎራዴ፣ የልጆች የመነኩሴ ልብስ፣ ማግኔት። ቀጥሎ የኩንግፉ ትርኢት። አንዱ ወጣት የጦር ጫፍ ጉሮሮው ላይ አድርጎ ዘንጉን አጎበጠው፤ ስልኮች ሁሉ ወደ ላይ ወጡ፣ የእኔም ጭምር። ትርኢቱ ሲያልቅ ግማሹ ሰው ወደ መኪናው አመራ። የቪዲዮ ቤታችን ባለቤት ካሴቱን ያወጣ መሰለኝ።

ውስጥ ስገባ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ጠበቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1928 ሺ ዮሳን የሚባል የጦር አበጋዝ ገዳሙን አቃጥሎታል። ዋናው አዳራሽ እንደገና የተሠራው በ1985 ነው፤ ማለትም ከፊልሙ በኋላ። «ታዲያ ታሪካዊ የሚባለው የቱ ነው?» አልኩ በሆዴ። የዚህን ጽሑፍ ርዕስ እንኳን መርጬ ነበር፦ «የተሸጠው ገዳም»። ቀላል ሂስ ነው። ማንም ቱሪስት በግማሽ ቀን ሊጽፈው ይችላል።

ያስቆመኝ ከእሳቱ የተረፈው የሺህ ቡድሃዎች አዳራሽ ነው። የጡብ ወለሉ እዚህም እዚያም ጎድጉዷል። መነኮሳቱ ለዘመናት እግራቸውን እየመቱ ሲለማመዱ የሰረጎደ ነው ይባላል። እዚያ በር ላይ አንዲት አሮጊት ተንበርክከው ይሰግዱ ነበር። ሳላስብ ስልኬን አነሳሁና ፎቶ አነሳኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ አዩኝ ብቻ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ላሊበላ ለገና ሄደን አንዱ ፈረንጅ ካሜራውን ፊቷ ላይ ሲደቅንባት፣ አያቴ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ያየችው እንደዚያ ነው። ያን ቀን ፈረንጁን ልደበድበው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ማታ ሆቴል ገብቼ ፊልሙን ከፈትኩት። እስከ መጨረሻው። ለካ ጠላቱ ከሞተ በኋላ አንድ ትዕይንት አለ! አክተሩ ተንበርክኮ የምንኩስና ቃል ይገባል። የምትወደው እረኛዋ ልጅ ታየዋለች። ላይገድል፣ ሴት ላይመኝ ይጠየቃል፤ ሁለተኛው ላይ ያመነታል። በፊልሙ ሙሉ ጎራዴ ያላስፈራው ሰው እዚህ ጋ ድምፁ ይጠፋል። ለእኔ ከባዱ ፍልሚያ ይሄ ነው፤ አባቱን የገደለበትን ሰው ማሸነፍ ከዚህ ይቀል ነበር።

ፊልሙን ግን ነፃ አላወጣውም። ለቡጢ ከአንድ ሰዓት በላይ ሰጥቶ ለቃል ኪዳኑ ደቂቃዎች ብቻ ነው የተረፉት። እንድንቸኩል ያስተማረን እሱ ራሱ ነው። ገዳሙም በር ላይ ያንኑ ይሸጣል፤ እኛም ያንኑ ገዝተን እንመለሳለን። ልዩነቱ፣ ገዳሙ ውስጥ ካሴቱን የሚያወጣ ሰው የለም። መቆየት ይቻላል። ቶሎ የወጣሁት እኔ ነኝ።

የአሮጊቷ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ጥሩ ፎቶ ነው፣ ብርሃኑም ያምራል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አታገኙትም።