ሰኞ ማክሰኞ

ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት ብዙ ነገር አያስፈልግም። መሬት ላይ በእንጨት ጫፍ ሳጥን ሳጥን ይሰመራል፤ ጠጠር ይጣላል፤ በአንድ እግር እየተዘለለ፣ መስመር ሳይረገጥ ይታለፋል። መስመር የረገጠ ተራውን ይለቃል። ተራው ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ቅጣት አይጨመርበትም። ቡራዩ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኬጂ ሳስተምር ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ይህን ሲጫወቱ ደጃፍ ቆሜ አይቻለሁ። ለአንድ ትንሽ ልጅ የቤት ውስጥ ትምህርት የመጀመሪያውን ሳምንት ሳቅድ ግን የጨዋታው ሕግ ትዝ አላለኝም። ትዝ ቢለኝ ኖሮ ከአንድ ትልቅ ስህተት እድን ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። አሥራ አምስቱ ቀን ወር እየወለደ ሄደና ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ፤ በሮቹ በየደረጃው መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ነው። ለትልልቆቹ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይተላለፍ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ሬዲዮ ፊት አይቀመጥም። ስልኬ መጥራት ጀመረ። «ሚስ፣ ምን ላድርገው? ቤቱን እያፈረሰው ነው።»

ከደወሉልኝ መካከል የሦስት ቤቶችን ነገር ልንገራችሁ። አንደኛዋ እዚሁ ቡራዩ፣ ገፈርሳ አቅጣጫ የምትኖር የተማሪዬ እናት ናት። ሁለተኛዋ ሰበታ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ትልቅ ልጅና የአምስት ዓመት ትንሽ ልጅ አሏት። ሦስተኛዋ ሱሉልታ ላሞች የሚያረቡት አማቴ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እሳቸው ዘንድ ነበር። ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከከበቧት ውስጥ ናቸው፤ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ። በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሦስቱም በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። የሦስቱ ቤቶች ኑሮ ግን ለየቅል ነበር፤ እኔ ያንን ሳላይ ለሁሉም አንድ ሌሰን ፕላን አዘጋጀሁ።

ፕላኑ ያምር ነበር። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡30፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፦ ፊደል፣ ቁጥር፣ ዕረፍት፣ ሥዕል፣ መዝሙር፣ የአካባቢ ሳይንስ። በማስመሪያ አስምሬ፣ በቀለም ለይቼ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። እውነቱን ለመናገር የክፍሌን ፕሮግራም ገልብጬ ነው የላክሁት።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ የቡራዩዋ እናት ደወለች። «ሚስ፣ ልጁ ሳቀብኝ» አለች። ደብተር ይዛ ፊቱ ስትቆም «አንቺ እኮ ሚስ አይደለሽም፤ እማዬ ነሽ» ብሏት ሮጦ ወጥቷል። ሰበታ ፎቶውን የከፈተው የለም፤ እናትየዋ ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ፈረቃዋ ትወጣለች። ሱሉልታ አማቴ ስልኩን ተቀብለው «ልጄ፣ በሁለት ተኩል እኮ እዚህ ብርድ ነው፤ ላም ታልቦ፣ በረት ተጠርጎ፣ ፀሐይ ግድግዳው ጋ ሳትደርስ ማን ይቀመጣል?» አሉኝ።

ያን ቀን ማታ ተቀምጬ አንድ ሒሳብ ሠራሁ። ክፍሌ ውስጥ 35 ልጆች ነበሩ። ግማሽ ሰዓት ማለት 30 ደቂቃ ነው። ከዚያ ላይ ማሰለፉ፣ ስም መጥራቱ፣ ደብተር ማደሉ፣ እርሳስ መቅረጹ፣ አፍንጫ መጥረጉ፣ ሽንት ቤት ማድረሱ ይቀነሳል። ምንም ሳይቀነስ እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። እናት ልጇን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ አሥራ አምስት ደቂቃ ከሰጠችው፣ እኔ በአንዱ ትምህርት በሁለት ሳምንት የማልሰጠውን ጊዜ ሰጠችው ማለት ነው። ወላጆቹን እኔን እንዲመስሉ ለምኜ ነበር። እነሱ ግን እኔ የሌለኝ ሀብት ነበራቸው።

ስለዚህ ፕላኑን ቀደድሁና ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ «ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ ሳይቀር የሚሆነው ነገር ምንድን ነው?»

ቡራዩ፦ ቡና። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበረ የሚፈላው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ሰበታ፦ እናት ከሥራ ገብታ እግሯን ታጥባ የምትቀመጥባት ሰዓት። ሱሉልታ፦ ጠዋት ፀሐይ መሞቅ። ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ልጅ የመጀመሪያ ሳምንት ሳቅድ ከዚህ ጥያቄ ሌላ መነሻ የለኝም። ትምህርቱ የሚንጠለጠልበት ሚስማር ቤቱ ውስጥ አስቀድሞ ተመትቷል፤ አዲስ ሚስማር መምታት ድካም ነው። አሥራ አምስት ደቂቃዋ እዚያ ላይ ትሰቀላለች፤ በዚያ ሳምንት ሌላ ነገር አይጨመርም።

ሳምንቱ እንዲህ ይሄዳል፦ ሰኞ የልጁ ስም ነው። ብዙ ወላጅ ከ«ሀ ሁ» መጀመር ይፈልጋል፤ አማቴም ፈልገው ነበር። እኔ ከስሙ የምጀምረው ልጅ የራሱን ነገር ስለማይረሳ ነው። ስሙን በትልቁ ጽፎ በር ላይ መለጠፍ፣ በጣት መከተል፣ ከዚያ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ቤት ውስጥ መፈለግ፤ የዘይት ጀሪካን ላይ፣ የስኳር ከረጢት ላይ፣ የቀን መቁጠሪያው ላይ። ሰኞ በዚህ ያልቃል። ልጁ «ተጨማሪ» ቢል እንኳ ለነገ ማስቀመጥ ነው።

ማክሰኞ ቁጥር ነው፤ ግን ሥራ ያለው ቁጥር። ቡራዩ ልጁ «ስንት ሰው አለ? ስንት ስኒ ይምጣ?» እየተባለ ረከቦቱን ያሰናዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማለት ምን እንደሆነ ያለ ሰሌዳ ገባው። ሱሉልታ ለፋሲካ የሚጠራቀም እንቁላል ነበር። በየጠዋቱ ከዶሮዋ ጎጆ ስንት ተገኘ፣ ከትናንቱ ጋር ስንት ሆነ፤ ይኸው መደመር። ወተቱም በጾም ገዢ ስለማይበዛበት ይናጥ ነበርና አማቴ ሲንጡ ልጁ እየቆጠረ እስከ መቶ ደረሰ። ሃያ ዘጠኝ ላይ ተሳስቶ «ሃያ አሥር» ሲል አማቴ በሳቅ መናጡን አቋረጡ አሉ።

ረቡዕ እጅ ነው፤ ብዕር ግን አይያዝም። የአምስት ዓመት ጣት ለመጻፍ ገና ይደክማል፤ እርሳስ አጥብቆ ይዞ ወረቀት የሚበሳ ልጅ መጻፍ የሚጠላ ልጅ ይሆናል። ሰበታ የመርሃ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። እዚያ ፊደል በጣት እንደሚነበብ የአክስቴ ልጅ ልጆች ከጎረቤት ተማሪዎች ያውቃሉ። ትልቋ ልጅ ይህንን አስባ ሰፌድ ላይ ጤፍ ረጭታ፣ የእህቷን ጣት ይዛ «መ»ን አስዞረቻት። ከዚያ ትንሿ ዓይኗን ጨፍና ብቻዋን ሠራችው። ይህንን እኔ አላስተማርኳትም፤ ወስጄ ግን ለብዙ ቤት አስተምሬበታለሁ። በ2002 የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ትልቅ ልጅ ትንሹን እንዲያዘጋጅ ያስብ ነበር፤ የቄስ ትምህርት ቤቱም ከዚያ በፊት በዚሁ ነው የኖረው፤ ዳዊት የሚደግመው ፊደል የሚቆጥረውን ያስጠናል።

እዚህ ላይ ስለ ፊደል አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ልጆች ገበታውን እንደ መዝሙር በቃላቸው ይወጡታል፤ ወላጅም «ልጄ ፊደል ጨረሰ» ይላል። ከዚያ ለብቻው «መ»ን ጽፋችሁ ስታሳዩት «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ብሎ ከላይ ቆጥሮ ይደርስበታል። የሚያውቀው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አልለየውም። የጥንት መምህራን ይህንን አውቀው መድኃኒቱን ሠርተዋል፦ አቡጊዳ። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ተራው ይፈርሳል፤ ድምፁም በየፊደሉ ይቀያየራል፤ ልጁ በዜማ መሸሸጊያ ያጣና ዓይኑን ይከፍታል። ስለዚህ አማቴን አላስቀየምኋቸውም፤ ገበታውን እሳቸው በስንደዶ እየጠቆሙ በዜማ ያስወጡታል፤ እኔ ደግሞ ሦስት ፊደል ብቻ በካርቶን ቆርጬ፣ አደባልቄ «ይሄ ማነው?» እንዲሉት ላክሁላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ይበቃል።

የቡራዩዋ እናት ሌላ ጭንቀት ነበራት። ቤት ውስጥ አማርኛ ይነገራል፤ ግቢው ውስጥ ልጆቹ የሚጫወቱት በኦሮምኛ ነው፤ ልጁ የሚገባበት ክፍል ደግሞ በኦሮምኛ የሚያስተምር ነው። ፊደል ይቅደም ወይስ ቁቤ? የሰጠኋት መልስ ይህ ነበር፦ አፉ ላይ ሁለቱም ይኑሩ፣ ወረቀቱ ላይ በዚህ ሳምንት አንዱ ብቻ፤ እሱም ትምህርት ቤቱ የሚጠብቀው። ልጁ ስኒውን አንድ ቀን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት»፣ በማግስቱ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያለ ይቆጥረው ነበር። ግራ የተጋባችው እናቱ ብቻ ነበረች።

«አንቺ ሚስ አይደለሽም» ያላትንም ልጅ አልረሳነውም። ከ1999 ጀምሮ በቴሌቪዥን የታየችውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን፣ ያቺን የቀጭኔ አሻንጉሊት ታስታውሱ ይሆናል። እናትየዋ ጓደኛው የጠፋ አንድ ካልሲ እጇ ላይ አጠለቀች፤ ሁለት ቁልፍ ዓይን ሰፋችለት። ካልሲው ምንም አያውቅም፤ «ይሄ ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቃል፤ ልጁ ያስረዳዋል። እናት ሚስ መሆን አላስፈለጋትም፤ ሚስ ልጁ ራሱ ሆነ።

ሐሙስ ባዶ ነው። ይህንን የተማርሁት ከክፍሌ ነው። መስከረም ላይ አዲስ ልጆች ሲገቡ ሰኞ የሚያለቅሱት ጥቂት ናቸው፤ አዲስ ነገር ይዟቸዋል። በአራተኛው ቀን ነገሩ የማያልቅ መሆኑ ሲገባቸው ሰኞ ያላለቀሱት ያለቅሳሉ። ቤት ውስጥም ያው ነው። ሐሙስ ልጁ ይለግማል፤ ወላጅ ይጮኻል፤ ሳምንቱ ይበላሻል። ስለዚህ ሐሙስ «ዕንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ ተረት ይነገራል። አሥራ አምስት ደቂቃዋ በቦታዋ ትቀመጣለች፤ ደብተር ግን አይነሳም።

ዓርብ ልጁ ያወቀውን ለሌላ ሰው ያሳያል፤ ለአባቱ፣ ለጎረቤት፣ ለታናሹ። ወላጅ በበኩሉ ሦስት ነገር ይጽፋል፦ ልጁን ምን አሳቀው፣ ምን አስለቀሰው፣ ስንት ደቂቃ ተቀመጠ። የሁለተኛው ሳምንት ዕቅድ ከእነዚህ ሦስት መስመሮች ይወጣል። እኔ በመጀመሪያ የላክሁት ፕላን ልጆቹን ገና ሳያውቅ ለአምስት ቀን አዝዟቸው ነበር።

ሰኞ ማክሰኞ ትዝ ያለኝ በመጨረሻ፣ ሰበታ ነው። ማክሰኞ የአክስቴ ልጅ ፈረቃዋ ተራዝሞ ሳትደርስ ቀረች፤ ረቡዕ ሁለቱን ቀን በአንዴ ልታስጠና ስትል ትንሿ አለቀሰች። ትልቋ እህት ግቢው ውስጥ አምስት ሳጥን አሰመረችና «መስመር ረግጠናል፤ ካቆምንበት እንቀጥላለን» አለቻት። ያመለጠ ቀን ዕዳ አይደለም። በቤት ትምህርት ብዙ ወላጅ ተስፋ ሲቆርጥ ያየሁት ዓርብ ላይ የሳምንቱን ዕዳ ሲቆጥር ነው።

ዛሬ ትምህርት ቤቶች ክፍት ናቸው፤ እኔም ክፍሌ ተመልሻለሁ። 1ኛ ክፍል መግቢያው ሰባት ዓመት ነው፤ ለኬጂ የሚከፈል የሌለው ቤት፣ ትምህርት ቤት ገና ያልደረሰበት አዲስ ሰፈር፣ ዜሮ ክፍል የሞላበት ቀበሌ በእኛ ከተሞች ዳር አሁንም አለ። እዚያ ያሉ ወላጆች «ከምን ልጀምር?» ብለው ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው ግማሽ ወረቀት ነው። እናንተም ሰኞ ልጃችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት ዕቅዳችሁን አንድ ጊዜ እዩት፤ ከአምስት መስመር ከበለጠ የተረፈውን ሰርዙት።