ቁልፉ ማን ዘንድ ይቀመጥ?

ሥራዬ የሚጀምረው አስታማሚውን ከክፍሉ በማስወጣት ነው። ያለ ሰበብ «ውጣልን» ማለት ነውር ስለሚመስል፣ «እስኪ ካርድ ክፍል ሄደህ ይህችን ወረቀት ማኅተም አስመታልኝ» እላለሁ። ማኅተሙ ባያስፈልግም ግድ የለም፤ እኔ የምፈልገው ሰልፉን ነው። ልጁ ወይም ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ እያለ በሽተኛው «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ከማለት አያልፍም።

የምሠራው በአንድ ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል በነበረበት ዘመን፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ነበረበት። እንደኔ ያሉ ነርሶች ሠልጥነው ወደየክልሉ ከተመደቡ ወዲህ መንገዱ አጥሯል። ያም ሆኖ ሰዉ እኛ ጋ የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ከፀበል መልስ ነው። ፀበሉን አልከለክልም፤ መድኃኒቱንም ይዘው እንዲሄዱ ብቻ እለምናለሁ።

ብቻችንን ስንቀር ጥያቄውን በግልጽ እጠይቃለሁ፦ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ይፈሩታል። «ያላሰበውን ሰው ማሳሰብ አይሆንም ወይ?» ይሉኛል። አይሆንም፤ ጥናቶችም መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ አሳይተዋል። ጉዳት ያለው ዙሪያ ጥምጥም መሄዱ ላይ ነው። «መቼም እንዲህ ያለ ክፉ ነገር አያስቡም አይደል?» የተባለ ሰው መልሱን ከጥያቄው ጋር ተቀብሏል።

አንድ አርሶ አደር ትዝ ይሉኛል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ በእህታቸው ልጅ ተደግፈው ነው የመጡት። ስጠይቃቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማንም አልነገረኝም፣ ጋሼ። እንቅልፍ ያጣ፣ እህል ያስጠላው ሰው እንዲህ ማሰቡ ያለ ነገር ነው። ሁሉንም እጠይቃለሁ።»

«ለልጁ እንዳትነግሪው።»

እዚህ ላይ «እሺ» አይባልም። ምስጢር እጠብቃለሁ፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ግን ለአንድ ሰው መንገር ግድ ነው። ያ ሰው ማን ይሁን የሚለውን እርሳቸው እንዲመርጡ ነገርኳቸው። ታናሽ ወንድማቸውን መረጡ።

ቤተሰብ በዚህ ጊዜ ከኛ የሚጠብቀው ተግሣጽ ነው። «ኃጢአት መሆኑን ንገሪው» ይሉኛል። ኃጢአት መሆኑን የማያውቅ በሽተኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። ራሱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት እንደማይደረግ ሰምቶ ያደገ ሰው ነው፤ የጨነቀውም ይህን እያወቀ ነው። የንስሐ አባት ረጋ ብለው ሲያዳምጡት ግን ብዙ ይረዱታል፤ እኔም ልካለሁ።

ቀጥዬ የምጠይቀው ስለ ቤታቸው ነው። የሰብል ፀረ ተባይ ኬሚካል አለ? የት ይቀመጣል? የእርሳቸው አልጋ ሥር ነበር። እህሉም ሰዉም በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት ይህ እንግዳ አይደለም። ራስን የማጥፋት ግፊት ብዙውን ጊዜ የሰዓታት፣ አንዳንዴም የደቂቃዎች ነገር ነው። የድብርት መድኃኒት ደግሞ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል። እነዚያን ሳምንታት መሻገር የሚቻለው መርዙ ከእጅ ሲርቅ ነው።

ሲሪላንካ ይህን በአገር ደረጃ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይም በ1995 እና በ1998፣ እጅግ መርዛማ የሆኑ የግብርና ኬሚካሎችን አገደች። ከዚያ ወዲህ ራስን የማጥፋት ምጣኔው በሁለት ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል፤ ምርቱም በዚህ ምክንያት አልወደቀም። ምጣኔው የቀነሰው የሰዉ ችግር በአንድ ጊዜ ስለተቃለለ አልነበረም።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ኬሚካሉን «ድፉት» ማለት ቀላል ነበር፤ ሰብሉን ተባይ ቢበላው ግን ጭንቀታቸው ይብሳል። ስለዚህ በሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥ ተባለ። ቁልፉ ማን ዘንድ ይሁን? ባለቤታቸው ብትይዘው፣ «አምጪ» ሲሏት እምቢ ማለት አትችልም፤ ጭንቅ ነው የሚሆንባት። ጎረቤት ቢይዘው ወሬው ቡና ላይ ይወጣል። ወንድማቸው ሳጥኑን ከነቁልፉ ወደ ቤቱ ወሰደ፤ በርጭት ቀንም ራሱ መጥቶ ሊረጭ ተስማማ። መድኃኒቱንም እሱ እንዲሰጣቸው ተስማማን። ከምንሰጣቸው መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በብዛት ከተወሰዱ አደገኛ ናቸውና የሳምንት ብቻ መስጠት ይሻል ነበር፤ ግን በየሳምንቱ የመኪና ማን ይክፈል?

የቀረው ስልክ ነው። በብራዚል፣ በሕንድ፣ በሲሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት አለ። ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የተረፉ ሰዎችን አንድ ሰዓት ያህል ማነጋገርና በ18 ወራት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል መጠየቅ፤ ይኸው ነው። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 2.2 በመቶው ኋላ ራሳቸውን ሲያጠፉ፣ ከተጠየቁት 0.2 በመቶው ብቻ ናቸው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እደውላለሁ፣ በራሴ ካርድም ቢሆን። መጀመሪያ ስለ በሬው፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ያኔ እንደጠየቅሁት፣ ሳላለሳልስ እደግመዋለሁ። የእኚህ ሰው መልስ በሦስተኛው ወር ግድም ተቀየረ፤ «አሁንስ ስለ ማዳበሪያው ዕዳ ነው የማስበው» አሉኝ። ይህም ጭንቀት ነው፤ ግን የነገ ጭንቀት ነው።

በቅርቡ አንድ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ለገበሬዎች ስለ ርጭት ሲያስተምር ስለሚቆለፈው ሳጥንም እንዲያነሳ ጠይቄው ነበር። «ይሄ የጤና ቢሮ ሥራ አይደለም እንዴ፣ ሲስተር?» አለኝ። የሲሪላንካን ነገር አጫወትኩት፤ እዚያ ኬሚካሎቹን ያገደው የፀረ ተባይ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ነው።