ስለ አማተር ፎቶግራፍ፤ ዳንግላን መነሻ በማድረግ

ፎቶግራፍ ማንሣት እንጀራው የሆነ ሰው አለ፤ ለጥበቡ ካለው ፍቅር የተነሣ ብቻ ያለ ዋጋ የሚደክምበትም ሰው አለ። ይህን ሁለተኛውን አማተር ይሉታል። ብዙ ሰዎች አማተር ማለት ሥራውን በቅጡ ያልተማረ ማለት ይመስላቸዋል። እኛ ግን ልዩነቱ በችሎታ ሳይሆን በነጻነት ነው እንላለን።

ባለሙያው ላሠሪው ፈቃድ ያድራል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ስንመለከት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየን ክብርና ማዕርግ ነው፤ ሥራው ይህንኑ ይጠይቅ ነበርና። አማተሩን ግን የሚያዘው የገዛ ዓይኑ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ከዳንግላ ርቀን አንሄድም። ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ነበረ። በእነዚያ ዓመታት የጣናን ደሴቶችና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ ነደፈ፤ ፎቶግራፍም አነሣ። የድካሙን ፍሬ በ1936 እ.ኤ.አ. «ጣና ሐይቅና ጥቁር ዓባይ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ አሳተመ። የሥራው ብርታት ፎቶግራፉ ከካርታውና ከጉዞው ታሪክ ጋር አብሮ መቆሙ ነው፤ አንባቢው ሥዕሉን አይቶ ቦታውን ለይቶ ያውቃል። ነገር ግን ዓይኑ የተተከለው በውሃው ላይ ነበረ። ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠባት ዳንግላ በመጽሐፉ ርእስ እንኳ አልተጠራችም። በዚህ አንወቅሰውም፤ እንግዳ የመጣበትን ጉዳይ ያያል። የቤቱን ነገር ማየት የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ታዲያ ባለቤቱ ዛሬ ምን ያያል? የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይከበራል። ዛሬ የእጅ ስልክ የያዘ ሁሉ ግልቢያውን ያነሣል። ያጌጠ ፈረስ፥ የሚጨስ አቧራ፥ የተወዛወዘ ዘንግ ደጋግመን አይተናል። የጋላቢው ስም ግን የት አለ? የፈረሱስ? በአገራችን ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። እንዲህ ያለ ልማድ ባለበት አገር ፈረሱንም ሰውየውንም ያለ ስም ማስቀረት ሥዕሉን ከነነፍሱ መያዝ አይደለም። ስሙን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሲያልፉ ፎቶግራፉ ዲዳ ይሆናል።

የአማተሮች ማኅበር ጥቅም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ብቻውን የሚያነሣ ሰው በወዳጆቹ ምስጋና ይታለላል፤ በማኅበር ያለ ግን ይጠየቃል። በ1853 እ.ኤ.አ. በሎንዶን የተቋቋመው የፎቶግራፍ ማኅበር አባላቱ ሥራቸውንና ዘዴያቸውን በጉባኤ እያቀረቡ እንዲወያዩ አድርጎአል። እንዲህ ላለው ነገር ብዙ ገንዘብ አያሻም፤ አንድ የትምህርት ቤት ክፍልና አንድ ሕግ ይበቃል። ሕጉም ይህ ይሁን፦ የተነሣው ማን እንደ ሆነ፥ የትና መቼ እንደ ተነሣ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ለጉባኤ አይቅረብ።

በዳንግላም ሆነ በሌላው አውራጃ ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በዚህ መንገድ ቢመሩ የግልቢያው ውበት አይጎድልም። ይልቁንም የልጅ ልጆቻችን ፎቶግራፉን ባዩ ጊዜ «ይህ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን ከጀርባው ያገኙታል።