«ፀረ እንግዳ አካል»፣ «መቆራኘት»፣ «ማምከን»፦ በክትባት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በአማርኛ የተዘጋጀ የጤና ጽሑፍ ቱርሚ ሲደርስ በቃል ወደ ሐመርኛ የሚመለስ ነውና፣ በአማርኛው ስያሜ ላይ ያለው ጉድለት በሁለተኛው ቋንቋ ተባብሶ ይገኛል። ለዚህ «ቢጫ ወባ» አንድ ምሳሌ ነው። በሽታው ወባ አይደለም፤ መንሥኤው ቫይረስ ነው። አስተላላፊዋ ኤደስ የተባለችው ትንኝ በቀን ትናደፋለች፤ በደቡብ ኢትዮጵያም በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት በሚጠራቀም ውኃ ትራባለች። የወባ መድኃኒትም ሆነ የሌሊት አጎበር የሚሰጠው መከላከያ የለም ለማለት ይቻላል። ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው የተነሣው ወረርሽኝ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ እንደገና በመታየቱ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ለመከተብ ዘመቻ ተደርጓል። ስያሜው ሥር ሰዷልና አሁን ልንነቅለው አንችልም። ክትባቱ በደም ውስጥ የሚያስገኘውን ነገር የምንገልጽባቸው ቃላት ግን ገና የሚታረሙ ናቸው።

«ፀረ እንግዳ አካል» ሁለት ፍች ይሰጣል፦ «እንግዳ አካልን የሚፃረር» እና «እንግዳን የሚፃረር አካል»። የመጀመሪያው ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ አይናገርም። ሁለተኛው ደግሞ የባላ ቅርጽ ያለውን ረቂቅ ፕሮቲን እጅና እግር ያስመስለዋል። ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ለሚል ሰው በሚከፈትበት አገር፣ እንግዳን ጠላት የሚያደርግ ስያሜ ለአስተርጓሚ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም። ሐኪሙ «አንቲቦዲ» ቢል አይነቀፍም።

ከዚህ የሚከብደው የግሦቹ ጉዳይ ነው። አንቲቦዲው ቫይረሱን የሚይዝበትን አኳኋን «መጣበቅ» ማለት ያሳንሰዋል፤ ሙጫ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። «መቆራኘት» ይሻላል። በጥንቱ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ሲሄዱ፣ ቁራኛው መንገደኛ ሁሉ ሳይሆን የራሱ ባለጋራ ነበር። አንቲቦዲውም የባላውን ጫፎች የሚያሳርፈው በቫይረሱ ልባስ ላይ ባለ፣ ከእሱ ጋር በሚገጥም ፕሮቲን ላይ ነው። ቋጠሮው ሊፈታ መቻሉም ለሁለቱ የጋራ ነው።

ነገር ግን ቁራኛ መሆን ፍርድ ማግኘት አይደለም። ከተቆራኙት አንቲቦዲዎች ቫይረሱን ከጥቅም ውጭ የሚያደርጉት ከፊሎቹ ናቸው። ይህን ተግባር «ገለልተኛ ማድረግ» ብሎ መተርጎም የዲፕሎማሲን ቃል ወደ ደም ሥር ማስገባት ነው፤ ቫይረስ ወገን የለውም። «መግደል»ም ልክ አይደለም። ትክክለኛው «ማምከን» ነው፤ የመከነ ፈንጂ ቅርጹ እንዳለ ነው፤ አይፈነዳም እንጂ። አንዳንዱ አንቲቦዲ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ እንዳይጠጋ ያግዳል። ሌላው አብሮት ወደ ውስጥ ይገባና፣ በሕዋሱ ከረጢት አሲድ ሲበዛ የልባሱ ፕሮቲን ቅርጹን ለውጦ ከከረጢቱ ግድግዳ ጋር እንዳይዋሐድ ያደርገዋል፤ የቫይረሱ ዘር እንደ ታሸገ ይቀራል።

ሁለቱን ግሦች ማምታታት በምርመራ ላይ ጉዳት አለው። መቆራኘትን ብቻ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ የዴንጊ ቫይረስ ያስገኘውን አንቲቦዲ የቢጫ ወባ ሊያስመስለው ይችላል፤ ዘመዳሞች ናቸውና። የሚለያቸው የማምከን ምርመራ ነው። ሁለቱም ውጤቶች «ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ» ተብለው ከተተረጎሙ፣ ወረቀቱን የሚያነበው የጤና ሠራተኛ የክትባት ዘመቻ ይጠራ ወይስ ሁለተኛውን ምርመራ ይጠብቅ የሚለውን ከአማርኛው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የፊተኛው «ተቆራኝ አንቲቦዲ»፣ የኋለኛው «አምካኝ አንቲቦዲ» ተብለው ተለይተው እንዲመዘገቡ እናሳስባለን።